የቅዱስ ማርቆስ ሰገነቶችና የናስ ነፊዎች ሸክላ



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በቬኒስና በፍላንደርስ የተደረሰው የህዳሴ ዘመን ዜማ፣ በዘመናችን የናስ መሣሪያ ነፊዎች ትንፋሽ በሸክላና በሲዲ ተቀርጾ ወደ ጆሮአችን የደረሰበት ነገር ነው። ርእሱ ሲሰሙት ጠበብ ያለ፣ ምናልባትም ለጥቂት የሙዚቃ ወዳጆች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ድርሰት ከተወለደበት ሕንጻ ወጥቶ፣ ያልታሰበለትን መሣሪያ ይዞ፣ ያልታሰበለት ቤት ሲገባ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ፣ አድማጮቼ ይህን ከወዲሁ እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ።

የነገሩ ጥንት ያለው በቬኒስ ከተማ፣ በቅዱስ ማርቆስ ባሲሊካ ነው።  የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የከተማዪቱ ካቴድራል ቢሆንም፣ እስከ 1807 ድረስ ዶጅ እየተባለ የሚጠራው የቬኒስ ርእሰ መንግሥት የግሉ የጸሎት ቤት ነበር፤ በውስጡ የሚዜመውም ዜማ ለእግዚአብሔር ምስጋና ከመሆኑ ጋር የመንግሥቱ ክብር መግለጫ ጭምር ነበረና፣ ሪፐብሊኩ ለመዘምራኑም ሆነ ለመሣሪያ ተጫዋቾቹ ገንዘቡን አይሰስትም ነበር።

ይህ አምስት ጉልላት የተሸከመ፣ ውስጡ በወርቅ ሞዛይክ የተለበጠ ሕንጻ፣ በመቅደሱ ቀኝና ግራ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰገነቶች አሉት፤ በየሰገነቱም ኦርጋን ቆሞበታል። በ1527 የዜማው አለቃ ሆኖ የተሾመው ፍላንደርሳዊው አድሪያን ዊላርት፣ መዘምራኑን ከሁለት ከፍሎ መዝሙረ ዳዊትን በተሰጥዎ የማዜምን ልማድ አጸና፤ ከርሱ በኋላ የመጡትም ሊቃውንት፣ ከሁሉም በላይ አንድሬያ ጋብሪኤሊና የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ሆኖ በእጁ ያደገው ጆቫኒ ጋብሪኤሊ፣ ያን ልማድ ከሰው ጉሮሮ ወደ መሣሪያ አሻገሩት። ቤተ ክርስቲያኑ በ1568 ጂሮላሞ ዳላ ካሳን ከወንድሞቹ ጋር በቋሚ ደመወዝ መቅጠሩ፣ ነፊው እንደ መዘምሩ ሁሉ የቤቱ አገልጋይ ሆኖ የተቈጠረበትን ዘመን ያመለክታል።

በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ሥርዐት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው፣ ቀኝ ጌታው የመራውን ግራ ጌታው እየተቀበለ፣ ዜማው ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ በመካከል የቆመው ምእመን ድምፁን ብቻ ሳይሆን የድምፁን መምጫ ጭምር ይሰማል። የቬኒሱ ሥርዐት ከዚህ የሚለየው፣ ሁለቱ ማኅበሮች አንዱን ዜማ ከመቀባበል አልፈው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አራትና አምስት ድምፅ ያለው ምሉእ ኅብረ ዜማ ስላላቸው፣ በተራ ሲነጋገሩ ቆይተው በመጨረሻ በአንድነት ሲገጥሙ የድምፁ ብዛት በአንድ ጊዜ እጥፍ የሚሆን በመሆኑ ነው። የጋብሪኤሊ ጥበብ በዚህ ቅጽበት ላይ የተመሠረተ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ጆቫኒ ጋብሪኤሊ ከ1585 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1612 ድረስ በቅዱስ ማርቆስ የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ሲያገለግል፣ በ1597 «ሳክሬ ሲምፎኒዬ» የተባለውን ታላቅ የድርሰት ስብስብ በቬኒስ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ድርሰቶች አንዱ፣ «ሶናታ ፒያን ኤ ፎርቴ» የሚባለው፣ በሁለት ምክንያት ስሙ በሙዚቃ ታሪክ ሁሉ ይነሣል። አንደኛው፣ በዚያ ዘመን ደራስያን ድርሰታቸው በየትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት መጻፍን እንደ ግዴታ ሳይቈጥሩ ለተጫዋቾቹ ፈቃድ ሲተዉት፣ ጋብሪኤሊ ግን በዚህ ድርሰት ላይ የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም ለይቶ ማስቀመጡ ነው፤ ለመጀመሪያው ማኅበር አንድ ኮርኔቶና ሦስት ትሮምቦን፣ ለሁለተኛው ማኅበር ደግሞ አንድ ባለአውታር ቫዮሊኖ (በድምፁ ወሰን የዛሬውን ቪዮላ የሚመስል) ከሌሎች ሦስት ትሮምቦኖች ጋር። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ በለሆሳስ ወይም በኀይል እንዲነፋ የሚያዝዙት ቃላት በማተሚያ ቤት ከታተሙባቸው ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ መሣሪያዎቹ ማውራት ይገባኛል፤ የኋላው ነገር ሁሉ በነርሱ ላይ ይንጠለጠላልና። ኮርኔቶ የሚባለው መሣሪያ ስሙን የሰማ ሰው ናስ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከእንጨት የተሠራ ነው። ሠሪው አንዱን ጠማማ እንጨት ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን ቦርቡሮ፣ ሁለቱን ግማሽ በሙጫ መልሶ ካጣበቀ በኋላ በጥቁር ቆዳ ይሸፍነዋል፤ እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈኑ ቀዳዳዎች ይበጁለታል፤ በአናቱ ላይ ግን እንደ መለከት ከንፈር የሚንቀጠቀጥበት ትንሽ ጽዋ መሰል አፍ ይገጠምለታል። ስለዚህ ድምፁ የመለከትን ጥራትና የሰውን ጉሮሮ ልስላሴ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች የሰውን ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚመስል መሣሪያ ነው እያሉ ያመሰግኑት ነበር፤ ለመንፋት አስቸጋሪነቱም የዚያኑ ያህል የታወቀ ነው። ትሮምቦኑ፣ በእንግሊዝ አገር ሳክበት ይባል የነበረው፣ እንደ ዛሬው ትሮምቦን ተንሸራታች ቧንቧ ያለው ቢሆንም ቧንቧው ቀጠን፣ አፉም ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ ከመዘምር ጎን ቢቆም ዜማውን አይውጠውም። ኤራስሙስ ሽኒትዘር የተባለ የኑረምበርግ አንጥረኛ በ1551 የሠራው ትሮምቦን እስከ ዛሬ ተጠብቆ በዚያችው ከተማ በቤተ መዘክር ይታያል። ትራምፔትስ? ትራምፔት በዚያ ዘመን ቀዳዳም መዝጊያም የሌለው ቧንቧ ስለነበረ፣ ተፈጥሮ የሰጠችውን ጥቂት ድምፅ ብቻ እያወጣ ለዐዋጅ፣ ለሰልፍና ለነገሥታት መግቢያ የሚያገለግል ነበር እንጂ በእንዲህ ያለው ኅብረ ዜማ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ትራምፔት ዜማን በሙሉ ለመጫወት የበቃው፣ ሽቶልዘልና ብሉህመል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1818 በበርሊን የፈጠራ መብት ያስመዘገቡለት መዝጊያ ከመጣ ወዲህ ነው፤ ቱባም የተወለደው በ1835 ነው።

እንግዲህ የዛሬው የናስ ጓድ፣ ማለት ትራምፔቱ፣ ሆርኑ፣ ትሮምቦኑና ቱባው፣ የጋብሪኤሊን ዜማ ሲያነሣ፣ ከትሮምቦኑ በቀር ደራሲው አይቶአቸው በማያውቃቸው መሣሪያዎች ያነሣዋል። ስለምን ያነሣዋል? መልሱ ከድኽነት የመጣ ነው። ሃይድንና ሞዛርት፣ ቤትሆቨንና ብራምስ ለአራት የአውታር መሣሪያዎች የጻፉት መዝገብ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ለናስ ነፊዎች ማኅበር ግን ይህ ነው የሚባል ርስት አልተዉላቸውም፤ ቤትሆቨን በ1812 በሊንዝ ከተማ ሳለ ለሙታን መታሰቢያ በዓል ለአራት ትሮምቦን የጻፋቸው፣ ኋላም ሁለቱ በራሱ ቀብር ላይ የተሰሙ ሦስት አጫጭር ቁራጮች የዚህ ደንብ ልዩ ናቸው። የናስ ነፊው በኦርኬስትራ ውስጥ ኋላ ተቀምጦ፣ ስንትና ስንት ገጽ ዝም ብሎ ቈጥሮ፣ በመጨረሻ ለጥቂት መስመር የሚነፋ ሰው ነበረ። እንግሊዛዊው ትራምፔት ነፊ ፊሊፕ ጆንስ በ1951 የራሱን ጓድ ሲያቋቁም፣ አንዱ ጭንቀቱ ምን እንጫወት የሚለው እንደነበር አያጠራጥርም፤ ጋብሪኤሊና ኋላ የማነሣው የአንትወርፑ ሱሳቶም ያን ባዶ መደርደሪያ ከሞሉት ዋነኞች ሆኑ። ጓዱ እስከ 1986 በቆየባቸው ዓመታት የቀረጻቸው ሸክላዎች በንጽሕናቸውና በመናበባቸው ለብዙ አገር ነፊዎች የመማሪያ መጽሐፍ ሆነው አገልግለዋል።

ነገር ግን ድኽነት ብቻውን ይህን ዜማ በዓለም ላይ ባልዘረጋውም ነበር፤ የጀርመኑ ሊቅ ካርል ፎን ዊንተርፌልት ስለ ጋብሪኤሊ ሰፊ መጽሐፉን ያሳተመው በ1834 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዜማው በሊቃውንት እጅ እንጂ በሕዝብ ጆሮ አልነበረም። ያን ጊዜ ሸክላም ራሱ መፍትሔ አልሆነለትም፤ በአንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ የሚሰማ ሸክላ የቀኙንና የግራውን ማኅበር በአንዲት ቀዳዳ አጭቆ ስለሚያወጣ፣ በሁለት ሰገነት ላይ የታሰበው ውይይት የአንድ ሰው የብቻ ንግግር ይሆናል። የተለየው ነገር በ1958 ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ሲቀርብ ሆነ። ሰው በሳሎኑ በቀኝና በግራ ሁለት ድምፅ ማጉያ አቁሞ በመካከላቸው መቀመጥ በጀመረ ጊዜ፣ ሳያስበው በቅዱስ ማርቆስ ባሲሊካ መካከል፣ የዶጁ ወንበር በነበረበት አቅራቢያ ተቀመጠ።

የኔ አሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ይህ ዜማ ቦታን ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ቈጥሮ የተደረሰ ዜማ በመሆኑ፣ የቀረጸውን ሸክላ መመዘን የሚገባን ነፊዎቹ ምን ዓይነት ቧንቧ ይዘዋል በማለት ብቻ ሳይሆን፣ አድማጩን የት አስቀምጠውታል በማለትም ጭምር ነው። ይህን የምለው ደግሞ በአንድ ልዩ ምክንያት ነው። በጋብሪኤሊ ዘመን ሁለቱን ማኅበሮች የሚለያቸው አቅጣጫ ብቻ አልነበረም፤ በአንዱ እንጨት ኮርኔቶ፣ በሌላው ባለአውታር ቫዮሊኖ ስላለ፣ ዐይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ በድምፁ ቀለም ይለያቸዋል። የዛሬ ናስ ነፊዎች ግን የኮርኔቶውንም የቫዮሊኖውንም ድርሻ ለትራምፔት ስለሚሰጡት፣ ሁለቱም ማኅበሮች አንድ ብረት፣ አንድ ቀለም ይሆናሉ፤ እንግዲህ የሚለያቸው አቅጣጫ ብቻ ይቀራል። ቀለም የሄደበትን ጉድለት የሚሞላው ርቀት ነው። ርቀቱን በደንብ ያልቀረጸ የናስ ሸክላ፣ ነፊዎቹ የቱንም ያህል ቢነፉ፣ ግማሹ የጠፋበት መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ሚዛን ስናየው፣ በ1968 በአሜሪካ የተቀረጸው፣ የጋብሪኤሊን ባለተሰጥዎ ዜማዎች የያዘው ሸክላ በክብር ስፍራ መቀመጡ አያስደንቅም። የፊላደልፊያ፣ የክሊቭላንድና የቺካጎ ኦርኬስትራዎች የናስ ነፊዎች፣ በየከተማቸው ተከብረው የሚኖሩና በኦርኬስትራነት እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ሰዎች፣ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ማኅበር ለማኅበር ተገጣጠሙ። ከቺካጎዎቹ መካከል ከ1948 ጀምሮ የኦርኬስትራው ቀዳሚ ትራምፔት የነበረው አዶልፍ ኸርሴትና ባለቱባው አርኖልድ ጃኮብስ ይገኙ ነበር። ይህን ሸክላ ደግሜ ደጋግሜ ሳደምጠው የሚያስገርመኝ፣ እያንዳንዱ ጓድ ስለ ኖታ አነሣሥና አጨራረስ ከየቤቱ ይዞት የመጣው ልማድ በመጠኑ ስለሚለያይ፣ ቀለሙ የጠፋው ልዩነት በአነጋገር ልዩነት ተመልሶ መግባቱ ነው። አንዱ ጓድ ሐረጉን ቈረጥ አድርጎ ሲዘጋው፣ ሌላው ያንኑ ሐረግ ተቀብሎ ለጥቂት ይዞ ይለቀዋል፤ ጋብሪኤሊ ይህን አላዘዘም፤ ቢሰማው ግን የሚቈጣ አይመስለኝም። ሸክላው የግራሚ ሽልማት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ እስከ ዛሬ ድረስ የናስ ተማሪዎች ስሙን የሚጠሩት ግን በከንቱ አይደለም። በ2014 በአሜሪካ የታላላቅ ኦርኬስትራዎች ነፊዎች እንደገና ተሰብስበው የጋብሪኤሊን ዜማ ሲቀርጹና በተከታዩ ዓመት ሲያወጡት፣ ያንኑ የ1968ቱን ሸክላ በልባቸው ይዘው እንደነበር በግልጽ ተናግረዋል።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ቦታ ይህን ያህል ከከበረ ዜማውን በራሱ ቤት፣ በቅዱስ ማርቆስ ውስጥ መቅረጽ አይሻልምን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው፤ ተሞክሮአልም። ኦርጋን ተጫዋቹ ኢ. ፓወር ቢግስ፣ ከኤድዋርድ ታር የናስ ጓድና ከመዘምራን ጋር፣ በቪቶርዮ ኔግሪ መሪነት በዚያው ባሲሊካ ውስጥ የጋብሪኤሊን ድርሰቶች በ1960ዎቹ መጨረሻ ቀርጾአል። ሥራው የሚከበር ነው፤ ነገር ግን የሰው ጆሮና ማይክሮፎን አንድ አይደሉም። በሕንጻው ውስጥ የተገኘ ሰው ከጉልላቱ የሚመለሰውን ገደል ማሚቶ ከዋናው ድምፅ እየለየ፣ በዐይኑም እየረዳ ያደምጣል፤ ማይክሮፎኑ ግን የቀጥታውንም የተመለሰውንም በአንድነት ስለሚውጥ፣ ፈጣን የሆነው ምልልስ እርስ በርሱ እየተደራረበ ይደበዝዛል። በዚህ ምክንያት እኔ በግሌ፣ በመጠነኛ አዳራሽ ተቀርጾ ሐረጉ ጥርት ብሎ የሚሰማውን ሸክላ፣ በእውነተኛው ቤት ተቀርጾ ከተደበላለቀው አስበልጣለሁ፤ የቦታው እውነት በአድራሻው ሳይሆን በግንኙነቱ ነውና።

ስለ ጭፈራ ዜማዎቹ አጠር አድርጌ ልናገር። ቲልማን ሱሳቶ የአንትወርፕ ከተማ ነፊም አሳታሚም ሲሆን፣ ሽኒትዘር ያን ትሮምቦን በሠራበት በ1551 «ዳንሰሪ» የተባለውን የጭፈራ መጽሐፍ በአራት ድምፅ አሳትሞ፣ ለማንኛውም መሣሪያ የሚስማማ መሆኑን በርእሱ ገጽ ላይ አስታወቀ። በዚያ ፈቃድ መሠረት የዛሬ ናስ ነፊ ሱሳቶን ቢጫወት በደራሲው ላይ በደል አልሠራም። ሱሳቶ ቤቱ አደባባይና አዳራሽ ስለሆነ ሁለት ሰገነት አይሻም፤ አምስት ነፊና አንድ ከበሮ ይበቁታል። ሆኖም ብዙ ጓዶች ከመጽሐፉ ጭፈራዎች አንዱን፣ «የጦርነት ፓቫን» የሚባለውን፣ ሲያገኙ ከጭፈራነት አውጥተው ወደ ወታደር ሰልፍ ይለውጡታል፤ የሚጨፍር እግር ያን ያህል ክብደት አይችልም። በዚህ ረገድ ዴቪድ መንሮው ከለንደን የጥንታዊ ሙዚቃ ጓዱ ጋር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀረጸው፣ ከየዓይነቱ የጥንት መሣሪያ የተቀላቀለበት ሥራ፣ ለናስ ነፊዎች ጥሩ ተግሣጽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ወደ ጥንቱ መሣሪያ ተመለሰ። በእንግሊዝ በ1982 የተቋቋመው የግርማዊነታቸው ሳክበቶችና ኮርኔቶች፣ ቀጥሎም ብሩስ ዲኪና ቻርልስ ቱት በ1987 የመሠረቱት ኮንቸርቶ ፓላቲኖ፣ ያ ለመንፋት አስቸጋሪ የተባለ ጠማማ እንጨት በባለሙያ እጅ ሲገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳዩን። ዲኪ ኮርኔቶውን ሲነፋው የሐረጉ መነሻ የምላስ ምት ሳይሆን የፊደል አጀማመር ስለሚመስል፣ ቃል የሌለው ዜማ ቃል ያለው እስኪመስል ድረስ ይናገራል። ፖል ማክሪሽ ደግሞ በ1990 ባወጣው ሥራው፣ ማሪኖ ግሪማኒ በ1595 ዶጅ ሆኖ የተሾመበትን በዓለ ሢመት ከደወሉ፣ ከመለከቱና ከከበሮው፣ ከቅዳሴው ጋር በአንድነት አቀናብሮ፣ የጋብሪኤሊን ዜማ ከኮንሰርት መድረክ ወደ ሥርዐተ ጸሎት መለሰው። በዚያ ሥራ ውስጥ ሰልፉ ከሩቅ ሲቀርብ፣ ሰው አንድ ዜማ ብቻውን ቢያደምጥ የማያገኘውን፣ ያ ድምፅ በበዓሉ መካከል የነበረውን ተራ ያገኛል።

እንግዲህ የጥንቱ መሣሪያ ስለ መጣ የትራምፔቱና የቱባው ሸክላ ይጣል ማለት ነውን? ይህን የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኔ ከነርሱ ጋር አልስማማም። የኮርኔቶው ቀረጻ ጋብሪኤሊ የሰማውን ለመቅረብ ይጥራል፤ የ1968ቱ ሸክላ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይተው የተወለዱ መሣሪያዎች ለራሳቸው አባት ሲፈልጉ ያገኙት ርስት ነው። አንዱን በሌላው ሕግ መፍረድ አይገባም። ሁለቱንም የሚያጠፋቸው ጠላት ሌላ ነው፤ እርሱም ዛሬ በየኪሳችን ያለው፣ ባለ አንዲት ቀዳዳ የስልክ ድምፅ ማጉያ ነው። በርሱ የሚያደምጥ ሰው ከ1958 በፊት ወደ ነበረው ዘመን ይመለሳል፤ ቢያንስ ሁለት ጆሮውን የሚለይ ማዳመጫ ይሰካ ዘንድ እለምነዋለሁ።

ቃሌን እዚህ ላይ ገታ አድርጌ፣ ያን «ሶናታ ፒያን ኤ ፎርቴ» በትራምፔትና በትሮምቦን ከተቀረጸ ሸክላ እናሰማለን። ከመጀመሩ በፊት በጎንና በጎን የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ወደ መካከሉ ረድፍ ተጠጉ፤ በዳር ሆኖ ለሚያደምጠው አንዱ ማኅበር ይጠፋበታል። መጀመሪያ አንደኛው ማኅበር በለሆሳስ ይናገራል፤ አትቸኩሉ፣ ንግግሩ ረጅም ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ከወዲያኛው ወገን፣ እርሱም በለሆሳስ፣ ይመልሳል፤ በዚህ ጊዜ የላይኛውን ድምፅ ልብ በሉ፣ ጋብሪኤሊ ለአውታር መሣሪያ የሰጠው ይህ ድርሻ ነው። ሦስተኛው ተራ ሲደርስ ስምንቱም ድምፆች በኀይል አብረው ይገባሉ። የመካከሉ ረድፍ ሞልቶአልና፣ ኋላ የቆማችሁ በሁለቱ ማጉያዎች ትክክል መስመር ላይ ብትቆሙ ይበቃል። ሸክላው ይጀመር።